ለራሴ የራራሁበት የቡና ለቀማ

ጥቅምት 4 ቀን 2004፣ ቅዳሜ

ጻፊ ተባልኩ፣ ይኸው ጻፍኩ። ደብተር መግዛት ከብዶኝ ሳይሆን ከመዝገብ ቤት አንድ አሮጌ የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ይዤ መጣሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ጉዳይ ስመዘግብ ኖሬ አንድ ቀን የራሴን ብመዘግብ የሚከሰኝ ያለ አይመስለኝም።

ጉዳዩ ይህ ነው። እናቴ እማዬ አልጣሽ ትናንት ጠዋት ገላዋን ሳጥባት ክንዴን ነከሰችኝ። የቀሯት ጥርሶች ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም ሥራቸውን ሠርተዋል። ብቻዋን ጥያት መሄድ ስለማልችል እሷንም አስከትዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቁስሌን ያጠበልኝ የአእምሮ ሕክምና ነርሱ ሙሉብርሃን ነው። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። አገሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱ ደግሞ «ነርስ ነኝ» እያለ ሰው ሲያርም ይውላል። የኔን ክንድ አሽጎ ሲጨርስ የእማዬን እጅጌ ገለጥ አድርጎ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወድቃ ነው።»

«አወዳደቃቸው አምስት ጣት አለው፣ እትዬ ትርንጎ።»

ስትወራጭ ያዝኳት እንጂ አልመታኋትም አልኩት። አልተከራከረኝም። የቤት ሥራ ሰጠኝ፤ ጠዋት ጠዋት አሥር ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ፣ ትንፋሽን መከታተል፣ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ለራስ ደግ ቃል መናገር፣ ማታ የሆነውን መጻፍ።

«መድኃኒቱ ለእሷ ነው ወይስ ለእኔ?» አልኩት።

«የእማማ የመርሳት በሽታ ነው፤ የሚያድን የለውም። እርስዎ ግን ይድናሉ» አለኝ።

እኔ መቼ ታመምኩና?


ጥቅምት 5፣ እሑድ

ተቀመጥኩ። በርጩማ ላይ፣ ጀርባዬን ቀጥ አድርጌ። አንድ ትንፋሽ። ሁለት ትንፋሽ። ሦስተኛው ላይ እማዬ ድስቱን ከነክዳኑ መሬት ላይ ፈጠፈጠችው። ተነሳሁ፣ ድስቱን አነሳሁ። ሌላም ነገር አደረግሁ፤ ትንሽ ነገር ስለሆነ አልጽፈውም።

ዶክተሩ ሲያነበው እንዳይቸገር ስለ እማዬ ልጻፍ። እማዬ የማንኪራ ሰው ናት። ጫካው ውስጥ የራሷ ቡና ነበራት። አባታችን ሲሞት እሱን ለቅማ፣ አድርቃ፣ በጀርባዋ ተሸክማ ቦንጋ ድረስ በእግሯ እያመጣች እየሸጠች ነው እኔንና ወንድሜን ዓለሙን ያስተማረችን። እዚህ ቦንጋ እኔ ጋ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። መጀመሪያ የሄደባት አማርኛዋ ነው፤ አሁን የቀራት ካፊኖኖ ብቻ ነው። ቡና በቀላ ቁጥር ይብስባታል። «ቡናዬ ረገፈ፣ ሌባ ገባበት» እያለች በሩን ትደበድባለች። ሌባዋ እኔ ነኝ።

ካፊኖኖ የእኔም ቋንቋ ነው፤ ይህን መዝገብ ግን በአማርኛ እጽፋለሁ። በእሷ ቋንቋ ብጽፈው የምትሰማኝ ይመስለኛል።

ዓለሙ የሚኖረው ዋጫ ከተማ ነው፣ ቡና ነጋዴ ነው። ስልክ በደወለ ቁጥር አንድ ነገር ነው የሚለኝ፤ «ካቃተሽ እኔ እወስዳታለሁ። ሰንሰለቱ እኔ ጋ አለ።» ሰንሰለቱ አጎታችን አእምሮው ሲነካ ዘጠኝ ዓመት ከቤቱ ምሰሶ ጋር የታሰረበት ነው። እማዬ ገና ልቧ ሳለ እጄን ይዛ «እኔን እንዳታስሩኝ» ብላኛለች። ማልኩላት። ስለዚህ መቻል አለብኝ። እኔ ካልቻልኩ ሰንሰለት ነው የሚጠብቃት።


ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ

ቢሮ የሩብ ዓመት ውጤት ሲሞላ ዋለ። እኔም እቤት ገብቼ የራሴን ሞላሁ።

ጠንካራ ጎን፦ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ተቀምጫለሁ። ድክመት፦ ሐሳቤ አሥራ አንድ ጊዜ ሸሽቷል፣ ሁለት ጊዜ ተቆጥቻለሁ፣ አንድ ጊዜ እጄ ተነስቷል። ደረጃ፦ ሐ። የማሻሻያ ዕቅድ፦ ነገ አሥር ደቂቃ።


ጥቅምት 15፣ ረቡዕ

መዝገቡን ለሙሉብርሃን አሳየሁት። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ዘልዬ ውጤት የሰጠሁበትን ገጽ ነው የገለጥኩለት። አንብቦ ሳቀ።

«እትዬ ትርንጎ፣ ይሄኮ ግምገማ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ሳይገመግሙ ይመልከቱ ነው ያልኩት። ንዴት ሲመጣ ‘ንዴት መጣ’ ይበሉ። መስኮት ላይ ሆነው መንገደኛ እንደሚያዩ ማለት ነው። ለመንገደኛ ውጤት ይሰጣሉ እንዴ?»

ይህ ልጅ ቢሮ ውስጥ አላደገም። እኛ ሒስና ግለ ሒስ ቁርሳችን ነው። በግምገማ ያደገ ሰው ደግሞ አንድ ብልሃት ያውቃል፤ ትልቁን ጥፋት ለመሸፈን ትንሹን ቀድሞ ይናዘዛል። «አንዳንዴ አረፍዳለሁ» ያለ ሰው ማኅተም የት እንዳደረሰ አይጠየቅም። ስንቱን በዚህ ሲያልፍ አይቻለሁ።

ደግሞ ደግ ቃሉን ጠየቀኝ፤ ለራሴ ምን እንደምል። ምንም አልኩት። «ጓደኛዎ እንዲህ ብትሆን ምን ይሏት ነበር?» ብሎ አሰናበተኝ። እቤት ገብቼ ሞከርኩ። እጄ የሚያውቀው የደብዳቤ አጻጻፍ ስለሆነ እንዲህ ወጣ፤

«ለወይዘሮ ትርንጎ፣ ባሉበት። ጉዳዩ፦ ማጽናናትን ይመለከታል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አጣሁት። ብዙ ቆይቼ «ደክሞሽ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌ ሳነበው አለቀስኩ። ባሌ ሚዛን ሄዶ ከቀረ ወዲህ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ደክሞሽ ነው። ደክሞሽ ነው እኮ።


ጥቅምት 21፣ ማክሰኞ

እማዬ በዘነዘና። ትከሻዬን። አጥንቱ የተሰበረ መስሎኝ ነበር።

እኔም።

ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ደክሞሽ ነው አልኩ። ልቤ ቀስ በቀስ ረጋ። ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። መድኃኒቱ ይሠራል ማለት ነው።


ጥቅምት 27፣ ሰኞ

የጎረቤቴ የበእምነት ቤትና የኔ ቤት የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በእምነት አስተማሪ ናት፣ ጸሎተኛ ናት፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ለባሏ ስትናገር ሰማኋት።

«ዛሬም ጀመረች።»

«ተይ፣ የሰው ቤት ነው» አላት።

ለካ እማዬ መጮኽ ስትጀምር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አፈርኩላት።

ከሰዓት በኋላ በእምነት ቆጮ ይዛ መጣች። «እኔ ፈረቃዬ የጠዋት ነው፤ ከሰዓት ከሰዓት እማማ እኔ ጋ ቢውሉስ?» አለችኝ። ስታወራ እኔን አታየኝም፤ የእማዬን አንገት ነው የምታየው። ሰው ችግር ሰምቶ ሳይሆን ወሬ ፈልጎ እንደሚመጣ አውቃለሁ። አመሰግናለሁ፣ አልተቸገርኩም አልኳት። ደጋግማ ለመነችኝ። በሩን ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም።


ኅዳር 2፣ ቅዳሜ

ሙሉብርሃን ለሥልጠና ጅማ ሊሄድ ነው። አንድ ወር። ለዞኑ ሁሉ ያለው እሱ አንድ ሰው ነው፤ እሱንም ይወስዱታል። ከመሄዱ በፊት እማዬን እንዳመጣለት ልኮብኝ ነበር። የገበያ ቀን ነው፣ ሰው ይገፋታል ብዬ ብቻዬን ሄድኩ።

«ልምምዱ እንዴት ነው?»

«በጣም ጥሩ። ሃያ ደቂቃ ደርሻለሁ።»

«እማማስ?»

«ደህና ናት።»

«ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሳቸውን ነው» አለኝ። ትንሽ ተናደድኩ። ንዴት መጣ አልኩ። ሄደ።


ኅዳር 6፣ ረቡዕ

ሥራ ስሄድ እማዬን ከአልጋው እግር ጋር በነጠላ አያይዣት መሄድ ጀምሬአለሁ። እንዳትወድቅ ነው። ቋጠሮው ለስላሳ ነው፣ ውኃም ቆጮም አጠገቧ አለ። ማሰር አይደለም። ሰንሰለት ሌላ ነው፣ ነጠላ ሌላ ነው።

ሃያ አምስት ደቂቃ።


ኅዳር 11፣ ሰኞ

የአንድ ለአምስት ስብሰባ። የሂደት ባለቤታችን አቶ ጉግሳ ስሜን ጠርተው «ወይዘሮ ትርንጎ ከሌላው ጊዜ የተለየ ማርፈድ ይታይባታል» አሉ። ተነስቼ ግለ ሒስ አደረግሁ። የጊዜ አጠቃቀም ችግር እንዳለብኝ፣ የቤት ጉዳይ ከሥራ ጋር እየተደባለቀብኝ እንደሆነ፣ ለማስተካከል ቁርጠኛ እንደሆንኩ። «ጥሩ፣ ግልጽነቷ ይደነቃል» ተባለ። ግልጽነቴ!

እቤት ስገባ እማዬ ነጠላውን ለመፍታት ስትታገል አልጋውን እስከ በሩ ጎትታው አገኘኋት። የእጅ አንጓዋ ተልጧል። «ሌባ» አለችኝ። እኔ ለእሷ ስል ስብሰባ ላይ ተዋርጄ መጥቼ፣ ሌባ።

የሆነውን አልጽፍም። ሆድ ይፍጀው። በመጥረጊያው እንጨት ነው። ሦስት ይሆናል። አራት። ጀርባዋ ላይ።

ደክሞሽ ነው፣ ደክሞሽ ነው፣ ደክሞሽ ነው።


ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ይህን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

ዛሬ ሳልናደድ ነው። ጠዋት ሃያ አምስት ደቂቃዬን ተቀምጬ ተነሳሁ። ልቤ እንደ ኩሬ ውኃ ነበር። እማዬ ያጎረስኳትን ቆጮ ፊቴ ላይ ተፋችው። ንዴት መጣ ልል ጠበቅሁ። ንዴቱ አልመጣም። እጄ ብቻ ሄደ። ትንፋሼ እንኳ አልተፋጠነም፤ እየቆጠርኩት ነበር፣ አንድ፣ ሁለት፣ በሦስተኛው እንደገና መታኋት።

ከዚያ ፊቴን ጠረግሁ፣ ፊቷንም ጠረግሁላት፣ ቢሮ ገባሁ፣ አርባ ሁለት ደብዳቤ መዘገብኩ። አንድም ስህተት የለውም።

ፈራሁ። ስናደድ ቢያንስ ንዴቴ ነው እል ነበር።

ሙሉብርሃንን ልደውልለት ስልኩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ምን እለዋለሁ? ያስተማርከኝ ነገር እጄን አረጋልኝ ልበለው?


ኅዳር 19፣ ማክሰኞ

ዓለሙ ለቡና ግዢ መጥቶ ጎራ አለ። እጅጌ ረጅም ሹራብ አልብሼ፣ ሻሿን እስከ ጆሮዋ አስሬ ጠበቅሁት። እማዬ ሲያቅፋት «ወይ!» አለች። «ምን ሆና ነው?» አለ። ብርድ መቷት ነው አልኩት።

«የቡና ሥራ ይለቅ እንጂ እወስዳታለሁ» አለኝ። «አንቺም እረፊ።»

«ሰንሰለቱን ትተህ ነው?»

«ሜዳ ላይ እንድለቃት ነው እንዴ የምትፈልጊው?»

የእማዬን ቡና ማን እየለቀመው እንደሆነ ጠየቅሁት። «አለ ሰው» ብሎ ወሬ ቀየረ። አልሸሹም ዞር አሉ።


ኅዳር 23፣ ቅዳሜ

እማዬ የለችም።

ከጉሊት ስመለስ። ነጠላው ተቆርጧል። በጥርሷ ነው፤ ጫፉ እርጥብ ነው። በእምነትና ባሏ በባርታ መንገድ ሄደዋል፣ እኔ በማንኪራ መንገድ። እየመሸ ነው። ዝናብ።


ኅዳር 24፣ እሑድ

በሕይወት አለች።

ሌሊቱን ተጉዛ ንጋት ላይ ማንኪራ ገብታለች። የሦስት ሰዓት መንገድ፣ በዚያ ጭቃ፣ በባዶ እግሯ። በቀጥታ የሄደችው ወደ ቡናዋ ነው። በዛብህ የሚባል ሰው በጭጋጉ ውስጥ አንድ ሰው ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ ሲመለምል አየ። በለቀማ ጊዜ እዚህ የቡና ሌባ ምን እንደሚደረግ ሁሉም ያውቃል። በዱላ እግሯን ሁለት ጊዜ መታ። ስትወድቅ ሻሿ ተገፈፈ፣ ሽበቷን አየ። በጀርባው ተሸክሞ እቤቱ አስገባት። ሚስቱ አጠበቻት።

ማታ ጨለማው ከመንገድ መልሶኝ ነበር፤ ጠዋት ሰምቼ ስደርስ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። በዛብህ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ትልቅ ሰው ነው፣ የሦስት ልጆች አባት። «ቡናው የኔ ነው፤ ከልጇ ከዓለሙ ነው የገዛሁት። እኔ አሮጊት መሆኗን አላየሁም» ይላል። ዓለሙ ከሦስት ዓመት በፊት ሸጦታል። እማዬ ‘ሌባ ገባበት’ ስትል የነበረው እውነቷን ነው።

ዓለሙ በሞተር ሳይክል እየበረረ ደረሰ። ሳይጠይቅ በዛብህን በቡጢ አፉን አለው። የበዛብህ ጥርስ ዓለሙ እጅ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ሲወድቅም ረገጠው። አምስት ሰው ነው የያዘው።

የበዛብህ ሚስት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ባሏ ሲረገጥ ወደ ዓለሙ አልሄደችም። እኔን ነው የምታየኝ። እማዬን ያጠበቻት እሷ ናት።

ሽማግሌዎች ቅዳሜ ይቀመጣሉ። እማዬ እግሯ ስላበጠ እዚያው ትቆያለች።


ኅዳር 26፣ ማክሰኞ

ዓለሙ እቤት መጣ። «ሴቶቹ ገላዋን አይተዋል፤ ጀርባዋ፣ ክንዷ፣ ጎኗ ሁሉ አልቋል አሉኝ» አለኝ። እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። «ያ ውሻ ሁለት ጊዜ ነው የመታሁት ይላል። ሽማግሌ ከጨረሰ በኋላ ለፖሊስ ነው የምሰጠው። እስር ቤት ይበሰብሳል። ቡናውም ይመለሳል።»

ተነስቼ በሩን ዘጋሁት።

«አንቺ ምንም መናገር የለብሽም። ዝም ብቻ በይ።»

እያየኝ ነው ያለው። የሚያውቅ ይመስለኛል። የሚያውቅ ከሆነ ከኔ ይብሳል። አይ፣ አይብስም።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ትንፋሽ። እጅ ደረት ላይ። ደክሞሽ ነው። ቃሉ ባዶ ሆነብኝ። አንድ ሺህ ጊዜ ብለው አልገባም አለ። የበዛብህ ልጆች በመስኮት ሲያዩ ነበር፤ አባታቸው ሲረገጥ።


ኅዳር 30፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ሁሉንም እጽፋለሁ።

የማንኪራ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ አሠራራቸው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቁስሉ ይታያል። የተመታችው ሴት ከሆነች ሁለት አሮጊቶች ወደ እንሰቱ ጓሮ ይዘዋት ገብተው አይተው ይወጣሉ፤ ያዩትን በጉባኤው ፊት አንድ በአንድ ይናገራሉ። መቺው በእያንዳንዱ ላይ «የኔ ነው» ወይም «የኔ አይደለም» ይላል። የኔ አይደለም ያለውን ሽማግሌ ለሕዝቡ ይጠይቃል። ባለቤት ካልተገኘለት በመቺው ላይ ይወድቃል።

ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። ዓይናቸው ፈዟል፤ ጆሯቸው ግን ያልተባለውንም ይሰማል። ከከተማ የመጣን ስላለን እሳቸው በአማርኛ ጠየቁ፤ አሮጊቶቹ ግን ያዩትን የተናገሩት በካፊኖኖ ነው።

«የግራ እግር፣ ከጉልበት በታች፣ ሁለት ሰንበር» አለች አሮጊቷ።

«የኔ ነው» አለ በዛብህ። ከንፈሩ እንዳበጠ ነው።

«ጀርባ ላይ አራት። ወደ ቢጫ ሄዷል።»

«የኔ አይደለም።»

«ጉንጭ ላይ አንድ። ቀኝ ጎን ላይ የጥፍር።»

«የኔ አይደለም፣ አባቴ።»

«ሁለቱም ክንድ ላይ የጣት። ብዙ ነው፤ አንዱ ባንዱ ላይ ነው፣ አልቆጠርነውም። የእጅ አንጓ ላይ የገመድ።»

የገመድ አለች። ነጠላ ነው ልላት አፌ ተከፈተ። ማረም የፈለግሁት ይህን ነበር፤ እንዲህ ያለች ፍጡር ነኝ።

«የኔ አይደለም። ልጆቼን! የኔ አይደለም» አለ በዛብህ።

ዓለሙ ተነስቶ «ይዋሻል!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ በእጃቸው አስቀመጡት።

«እንግዲህ ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አሉ። «ሰው አለ? ከሌለ በዚህ ልጅ ላይ ይወድቃል።»

ጸጥታ ሆነ። እኔ ጸጥታ ተምሬአለሁ፤ ሃያ አምስት ደቂቃ መቀመጥ እችላለሁ። ልቤን አየሁት፤ ፍርሃት መጣ። ሄደ። ሌላ ፍርሃት መጣ። ከዚያ አንድ ነገር መጣ፤ ግምገማ ላይ ተነስቼ የምናገረው ዓይነት። «የእንክብካቤ ጉድለት ነበረብኝ፣ በቂ ክትትል አላደረግሁም።» ይህን ብዬ ብቀመጥ ሁሉም «እሰይ፣ ግልጽ ናት» ይለኝ ነበር። አረፍተ ነገሩ ምላሴ ላይ ተሰናድቶ ነበር።

ተነሳሁ።

«እግሯ ላይ ያሉት ሁለቱ የእሱ ናቸው። ሌሎቹ በሙሉ የኔ ናቸው» አልኩ። «ጀርባዋን በመጥረጊያ እንጨት ነው። ጉንጯን በጥፊ ነው። ጎኗን ስገፋት በጥፍሬ ነው። ክንዷን ሁልጊዜ ነው። እጇን አስሬያት ነው ሥራ የምሄደው። ከመስከረም በፊትም መትቻታለሁ። እናቴ ናት።»

በአማርኛ ነው ያልኩት። አሮጊቶቹ አልገባቸውም። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ «በቋንቋዋ ድገሚ» አሉኝ። በካፊኖኖ ደገምኩት። ቃሉ ሌላ ነገር ሆነ። እማዬ ግንዱ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

ዓለሙ እንዴት እንደደረሰብኝ አላየሁም። የሽማግሌውን ዘንግ ነጥቆ ራሴን መታኝ። ወደቅሁ። ጎኔን መታኝ። «አዋረድሽን! አዋረድሽን!» ይላል እንጂ «እናቴን መታሽ» አላለም። ማንም ወዲያው አልያዘውም። እኔም ይገባኛል ብዬ አልተከላከልኩም፤ ይህንንም ዛሬ ስጽፈው ትክክል መሆኑን እንጃ።

ያስለቀቀችኝ እማዬ ናት። በዚያ እግሯ ተነስታ የዓለሙን ጆሮ በስድስቱ ጥርሷ ያዘች። ደም እስኪወርድ። ሁለት ሰው ሆነው ነው ያላቀቋት። ለእኔ ብላ ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም። ቡናዋን የሸጠባትን ሌባ አውቃው ይሆናል።


ታኅሣሥ 2፣ ሰኞ

ቢሮ አልሄድኩም። ራሴ ስምንት ቦታ ተሰፍቷል። በእምነት ሻይ ይዛ መጣች፣ ዝም ብላ አጠጣችኝ። «ስንት ጊዜ ግድግዳውን ላንኳኳ ብዬ ተውኩት» ብላ አለቀሰች። ‘ዛሬም ጀመረች’ ያለችው እኔን ኖሯል። ይህ እስኪገባኝ አንድ ወር ፈጀብኝ።


ታኅሣሥ 9፣ ሰኞ

ሙሉብርሃን ተመለሰ። መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለ። «ሳላያቸው መሄድ አልነበረብኝም።»

«ለራስዎ ይራሩ አልከኝ፣ ራራሁ» አልኩት። ድምፄ ጮኸ። «መትቼ እራራለሁ፣ ራርቼ እመታለሁ። ይኸው መድኃኒትህ!»

«ደክሞዎት ነበር፤ እውነት ነው» አለኝ። «መትተዋቸዋል፤ ይሄም እውነት ነው። እርስዎ አንዱን ይዘው አንዱን ሸፈኑበት። ለራሱ የሚራራ ሰው ሁለቱንም ማየት ይችላል፤ ለዚህ ነው የሚራራው።»

ገባኝ አልልም። ልምምዱን ልተው አልኩት። «አይተዉት። ግን ከእንግዲህ ዓይንዎን ገልጠው ይቀመጡ» አለኝ።

የሽማግሌዎቹ ፍርድ ይህ ነው። እማዬ ማንኪራ ትቀራለች፣ በዛብህ ቤት። በዛብህ ለመታት ሁለት ዱላ ካሣው በሕይወት እስካለች ከቡናው እንድትለቅም መተው ነው፤ ቀዩንም አረንጓዴውንም። ዓለሙ ቀለቧን ይችላል። ሰንሰለት የሚል ቃል ካነሳ ሽማግሌ ይጣላዋል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ ሄጄ አጥባታለሁ፣ አበጥራታለሁ፤ በቀን፣ በሩ ተከፍቶ፣ ሴቶች እያዩ።

ፖሊስ ጋ እንድሄድ ጠየቅኋቸው። ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ «እሱ ይቀልሻል» አሉኝ።


ታኅሣሥ 21፣ ቅዳሜ

ሦስተኛዬ ነው። መንገዱ ደርቋል። እማዬ ወፍራለች። ፊቷ ላይ ቀለም መጥቷል፤ ጣቶቿ በቡና ጠቁረዋል። እኔ ጋ ሦስት ዓመት ኖራ እንዲህ ሆና አታውቅም። ደስ አለኝ፤ ደግሞ ቅናት አንገበገበኝ። ሁለቱንም ጽፌአለሁ።

አጠብኳት። እግሯን፣ እጇን፣ ጀርባዋን። ጀርባዋ ሽሯል። የበዛብህ ሚስት የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ቡና ትለቅማለች፤ ዓይኗ ግን ከእጄ አይነሳም። መብቷ ነው።

ከዚያ ጸጉሯን ላበጥራት ሚዶውን ይዤ እጄን ወደ ራሷ አነሳሁ። እማዬ በሁለት ክንዷ ራሷን ሸፍና ጥቅልል አለች። የባሏን ሞት ረስታለች፣ አማርኛ ረስታለች፣ እኔን ከማን እንደወለደችኝ ረስታለች። እጄን አልረሳችም።

እጄን አወረድኩ። እሷ በርጩማው ላይ ናት፣ እኔ ከእግሯ ሥር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሚዶውን ጭኗ ላይ አደረግሁላት። ክንዷን ቀስ ብላ አነሳች። ሚዶውን አየችው። አየችኝ። በእንጨቱ ጥርስ ግንባሬን መታችኝ።

የበዛብህ ሚስት ብድግ አለች። ወደ እማዬ አልነበረም የምትመጣው፤ ወደ እኔ ነው።

«አመመኝ፣ እማዬ» አልኩ በካፊኖኖ። ሌላ ነገር አልጨመርኩበትም።

እማዬ ሚዶውን መልሳ አነሳች። ሁለተኛም መታችኝ። ዓይኔ ተገልጦ ነበር። እጆቼ ጭኔ ላይ ነበሩ፤ እዚያው ቆዩ።